ባንኮክ፣ ቺያንግ ማይ ወይስ ሌላ? ታይላንድ ለሚከርም ሰው ከተማ መምረጫ

በዓመት ስድስት ሰባቴ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስልኬ ላይ ይገባል። «ታይላንድ ልመጣ ነው፤ የቱ ከተማ ይሻለኛል?» አንዱ እናቱን ለሕክምና የሚያመጣ ነው። አንዷ ከአሜሪካ ላፕቶፗን ይዛ ሦስት ወር እዚህ ሆና ልትሠራ ያሰበች ናት። ሌላው ባንኮክ ፕራቱናም ገበያ ልብስ ለመጫን ሲመላለስ ኖሮ «እስቲ አንዴ እንኳ እንደ ሰው ልክረምበት» ያለ ነጋዴ ነው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በየትኛው ወር ነው የምትመጡት? ሞተር ትነዳላችሁ?

ብዙዎቹ ስለ በጀታቸው ወይም ስለ ባሕሩ የምጠይቃቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ከተማ ቀይሬያለሁ። ከተማ ባስጠላኝ ቁጥር ጥፋቱ ወይ የወሩ ነበር ወይ የመንገዱ። ስለ ኪራዩና ስለ ምግቡም እነግራችኋለሁ፤ እነዚያን ሁለቱን ግን አትርሱ።

ባንኮክ፦ ለቸኮለ፣ ለታመመ፣ ሞተር ለሚፈራ

ታዮቹ ባንኮክ ብለው አይጠሩትም፤ ክሩንግ ቴፕ ነው የሚሉት። ሙቀቱ ከባድ ነው። የመኪና መጨናነቁም እንደሚወራው ነው። ሆኖም መኪናም ሞተርም ሳይኖራችሁ እንደልብ የምትንቀሳቀሱበት ከተማ፣ እኔ በኖርኩባቸው ሁሉ፣ ይሄ ብቻ ነው።

ከመንገዱ በላይ ከፍ ብሎ የሚሄደው ባቡር ቢቲኤስ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከመሬት በታች የሚሄደው ኤምአርቲ በ2004 ተከተለው። ሆስፒታሉም፣ ገበያውም፣ መናፈሻውም በሁለቱ ይደረሳል። ከጣቢያ ስትወርዱ የቀረውን መንገድ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ባለሞተር ያደርሳችኋል። «ዊን» ይሏቸዋል፤ በየመንደሩ መግቢያ ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። እነሱ ይንዱ፣ እናንተ ያዙ። ሁለተኛውን ጥያቄዬን ባንኮክ የሚመልሰው እንዲህ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታው አያስጠጋም። ረዳቷ ሄልሜት አድርጋ በጀልባው ጠርዝ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ገመድ እየጨበጠች ትራመዳለች፤ እንደዚያ ሆና ነው ሒሳብ የምትሰበስበው። ድልድይ ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲያልፍ ቀና። ከፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ስቦ የጀልባውን ጎን የሚጋርደውን ላስቲክ ከፍ ማድረግ አለበት። ካላደረገ በዚያ ወገን ያለው ሁሉ በቦዩ ውሃ ይጠመቃል። የመጀመሪያ ቀን ዳር ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አንዲት እናት በትከሻዬ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሳቡት። ተቆጡ ብዬ ዞር ስል እየሳቁ ነበር። ትኬቱ ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ያንሳል።

ቤት ስትፈልጉ መጀመሪያ «ከባቡሩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» በሉ። በሚያዝያ ፀሐይ 10 ደቂቃ መሄድ ማለት ሸሚዝ መቀየር ማለት ነው። ሱኩምቪት የሚባለው ዋና መንገድ መሀሉ ውድ ነው። ኦን ኑትና ከዚያ ወዲያ ያሉት ጣቢያዎች ይቀላሉ፤ ዕቃ የተሟላላት አንዲት ትንሽ ክፍል በ10,000 ባት (የታይ ገንዘብ ነው) አካባቢ ታገኛላችሁ። አከራዮች እንደ ልማዱ የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቁልፍ ስትቀበሉ የሦስት ወር ገንዘብ በእጃችሁ ሊኖር ይገባል።

ከዚያ መብራቱን ጠይቁ። የመንግሥት ታሪፍ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 4 ባት አካባቢ ነው። አንዳንድ አከራይ ግን በራሱ ቆጣሪ 7 ወይም 8 ባት ያስከፍላል። ይሄ ሕንፃው ኮንዶ መሆኑና አፓርትመንት መሆኑ ላይ ነው የሚወሰነው። ኮንዶ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የየግሉ ባለቤት ስላለው ቢሉ ብዙውን ጊዜ ከመብራት ኃይሉ በቀጥታ ይመጣል። ሙሉ ሕንፃው የአንድ ሰው የሆነበት አፓርትመንት ግን ዋጋውን ባለቤቱ ይተምናል። የመጀመሪያ ክፍሌ ኪራይ ርካሽ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሳላነብ ፈረምኩ። ኤሲ ሌት ተቀን ሲሠራ ከረመ። የወሩ ቢል ሲመጣ የኪራዩን ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረው። ስወጣ ደግሞ መያዣዬ በ«ግድግዳ ማጽጃ» ስም ተሸራርፎ ተመለሰ። አሁን ስገባ ግድግዳውን ሁሉ በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። እናንተም ቅረጹ።

ለሕክምና የምትመጡ ከዚህ ሁሉ ተገላገሉ። ያለ ሆቴል ፈቃድ ኮንዶን ከ30 ቀን በታች ማከራየት ሕገወጥ ነው፤ ጥበቃው በር ላይ ሊመልሳችሁ ይችላል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ከሆነ ሆቴል ወይም ሰርቪስ አፓርትመንት ያዙ። ከውጭ አገር በሚመጡ ታካሚዎች የታወቀው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል ሱኩምቪት ሶይ 3 ላይ ነው። ሶይ ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ናቸው። የሶይ 3 ሰፈር ናና ይባላል። የዓረቦችና የአፍሪካውያን ምግብ ቤቶች ተደርድረውበታል። ዓረብኛ የሚችል ወገን ከቤይሩት ወይም ከጅዳ ከመጣ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ይውልበታል። ማታ ማታ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጭፈራ ቤት ይጮሃል፤ እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ሆቴሉን በሆስፒታሉ ወገን ያዙ።

ሌላም የሚያስደስት ነገር አለ። ታዮች በአፋቸው ሰዓት ሲቆጥሩ እንደኛ ናቸው። ፈረንጅ 8 የሚለውን ጠዋት በድሮው አቆጣጠር «ሶንግ ሞንግ ቻው» ይሉታል፤ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ማታም «ሶንግ ቱም» ሲሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከአንድ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ጋር ታይኛ ስንማር እሱ ሰዓቱ ላይ ሲያለቅስ እኔ እየተኮፈስኩ ነበር። ከቀትርና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አቆጣጠራቸው ይቀየራል፤ እዚያ ላይ እኔም ወደቅኩ። በዓመቱ ደግሞ በተቃራኒው ነን። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስንሆን እነሱ 543 ዓመት ወደፊት ናቸው። ፈረንጆቹ 2025 ሲሉ እዚህ 2568 ነበር። መድኃኒት ገዝታችሁ ጀርባው ላይ 2570 ብታዩ አትደንግጡ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣቢያ ውስጥ ከሆናችሁ ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ሲሮጥ የነበረው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ቡናዋን የያዘችው፣ ደረጃው መሀል የደረሰው፣ ሁሉም። እናንተም ቁሙ። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይደገማል።

ቺያንግ ማይ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ብትሉኝ ሌላ አልመርጥም

ሰሜኑ ሌላ ነው። ቺያንግ ማይን በ1296 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ንጉሥ ማንግራይ ነው፤ የላና መንግሥት መናገሻ ነበረች። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያውን ውሃ የሞላበት ቦይ ከቦታል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ቀለል ያለ ሹራብ ታደርጋላችሁ፤ ቀን ፀሐዩ ይሞቃል። የአዲስ አበባን አየር ለናፈቀ ሰው ከዚህ የቀረበ ነገር አላገኘሁለትም።

ስለ አየር ካነሳን አይቀር፦ የታይላንድ ከፍተኛው ተራራ ዶይ ኢንታኖን ከቺያንግ ማይ ወጣ ብሎ ነው። ከፍታው 2,565 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ትንሽ ይበልጣል፤ እንጦጦ ግን ይበልጠዋል። በታኅሣሥ ታዮች ከመላው አገሪቱ ካፖርትና ጓንት አድርገው ይወጡበታል። ሣሩ ላይ አመዳይ ካዩ ፎቶ ለመነሳት ይሰለፋሉ። እኔ በቲሸርት ቆሜ «አይበርድሽም ወይ?» ስባል የእንጦጦን ታሪክ ለማስረዳት ታይኛዬ አልበቃኝም።

መግቢያው ላይ ለውጭ አገር ሰው የተለየ ዋጋ አለ፤ ከታዮቹ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። የታዮቹ ዋጋ በታይ ቁጥር ይጻፋል፣ የእኛው በፈረንጅ ቁጥር። የግዕዝ ቁጥር ያለን ሰዎች ስለሆንን ዘዴው ይገባናል። አገራችንም ለፈረንጅ ሌላ ዋጋ ስላለን አልተከፋሁም።

ኪራዩ ከባንኮክ ያንሳል። ባንኮክ በ10,000 የምትይዙትን ክፍል እዚህ በ6,000 ወይም በ7,000 ታገኙታላችሁ። ላፕቶፕ የያዘው የፈረንጅ ወጣት የሚሰበሰበው ኒማን የሚባለው ሰፈር ነው። እኔ ሳንቲታም ይሻለኛል፤ ከአሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል፣ ጠዋት ገበያው የሰፈሩ ነው፣ ዋጋውም የሰፈሩ። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ስትከራዩ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑን አስቡ። ቀን ላይ ክፍሉን ስታዩ ጸጥ ያለ ነው፤ ማታ አውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ይመስላል።

ቡናው ለብቻው ያስመጣል። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንጉሥ ቡሚቦል የተጀመረው ንጉሣዊ ፕሮጀክት የሰሜኑን ገበሬ ከኦፒየም ወደ ሌላ ሰብል ለማዞር ሲሠራ፣ ከሰብሎቹ አንዱ ዓረቢካ ቡና ነበር። ዛሬ በየቅያሱ ቡና ቆይ አለ። አንዱ ቤት ሰሌዳው ላይ የአገሩ ቡና 60 ባት፣ ይርጋጨፌ 120 ባት ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ልጁ ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ሁለት እጁን ገጥሞ «ዋይ» በሚሉት በታዮቹ ሰላምታ እጅ ነሳኝ፤ ቡናውንም በነጻ ሰጠኝ። ይርጋጨፌን ረግጬ እንደማላውቅ አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ጭሱ። ኅዳር ሲታጠን አንድ ቀን ነው። ቺያንግ ማይ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ትታጠናለች። ገበሬው የበቆሎውን ማሳ ያቃጥላል፣ ጫካው ይነዳል፣ ከምያንማርና ከላኦስም ጭሱ ይመጣል። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ጎድጓዳ ስፍራ ስለሆነች መውጫ ያጣል። ከቤቴ በረንዳ ዶይ ሱቴፕ ተራራ ፊት ለፊት ይታየኝ ነበር፤ ማታ ማታ የቤተ መቅደሱ መብራት ሳይቀር። የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ብነሳ ተራራው የለም። ደመና መስሎኝ ነበር። ለሦስት ሳምንት አላየሁትም። ጉሮሮዬ ነደደ፣ ነጭ መጋረጃዬ ግራጫ ሆነ፣ አየር ማጣሪያ ማሽን ከሱቅ አለቀ። በእነዚያ ሳምንታት ቺያንግ ማይ በዓለም ላይ አየራቸው ከተበከለ ከተሞች ዝርዝር አናት ላይ የምትወጣበት ቀን ብዙ ነው። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ አሮጊት እናት ከሆነ በእነዚያ ወራት አይምጡ። ባንኮክም በታኅሣሥና በጥር የራሱ አቧራና ጭስ አለው፤ ግን እንደዚህ አይደለም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማካካሻ አለ። የታይ ዘመን መለወጫ ሶንግክራን ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ነው፤ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 13 እስከ 15። ቺያንግ ማይ በቦዩ ዙሪያ ከተማው ሁሉ በባልዲ ይራጫል። በእነዚያ ቀናት ስልካችሁን ላስቲክ ውስጥ ክተቱ፤ ለማንም አይራሩም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሞተሩ፣ የሚከብደው እዚህ ነው። ቺያንግ ማይ ውስጥ የከተማ ባቡር የለም። ያለው ቀዩ መኪና ነው፤ «ሮት ዴንግ» ይሉታል። የድሮውን ውይይት ታክሲ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፦ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። በመስኮት የምትሄዱበትን ትናገራላችሁ። ከተመቸው ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልተመቸው ይሄዳል። መሀል ከተማ 30 ባት ነው የለመድኩት። ሲመሽ ግን ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በስልክ የሚጠራ መኪና ነው። ስለዚህ ብዙ የውጭ ሰው ሞተር ይከራያል።

ሞተር መንዳት የማትችሉ እዚህ ለመማር አታስቡ። መኪና በግራ ነው የሚሄደው፤ እኛ በቀኝ የለመድን ሰዎች መገንጠያ ላይ እጃችን ይሳሳታል። በመንገድ አደጋ በሚሞት ሰው ብዛት ታይላንድ ከዓለም ከፊተኞቹ ናት፤ አብዛኛው ሟች ባለሞተር ነው። ለሞተር የሚሆን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ፖሊስ ይቀጣል። ቅጣቱስ ይሁን፤ ብትጋጩ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል። ፓስፖርታችሁንም ለአከራዩ በመያዣነት አትስጡ። ገንዘብ አስይዙ።

ሁዋ ሂን፦ ወላጅ ይዞ ለሚመጣ

ከባንኮክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ባሕር ዳር ናት። በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል። የንጉሣውያን ማረፊያ ነበረች፤ አሮጌው የእንጨት ባቡር ጣቢያዋ እስካሁን ያምራል። ንጉሥ ፕራጃዲፖክ እዚህ ያሠራው ቤተ መንግሥት ክላይ ካንግዎን ይባላል፤ «ከሐሳብ የራቀ» ማለት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ፍጹማዊው ዘውዳዊ አገዛዝ በመፈንቅለ መንግሥት ሲያበቃ ንጉሡ የነበረው እዚሁ ነው። ሐሳቡ ከዚያው ድረስ መጣበት።

ጡረታ የወጣ የስካንዲኔቪያ ሰው ሞልቷታል። ከዚያ የተነሳ ሆስፒታሏ ደህና ነው፣ እንግሊዝኛም ይሰማል፣ መንገዷም ቀጥ ያለ ነው። በዋናው መንገድ የሚመላለሰው አረንጓዴ መኪና ስላለ ሞተር ሳትነዱ ትኖራላችሁ። ወጣት ከሆናችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻችኋለች። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሚያገግም ሰው ግን ጠዋት በአሸዋው ላይ ቀስ እያሉ መራመድ ከባንኮክ ሆቴል ኮሪደር ይሻላል።

ኢሳን፦ ሆዴን ያገኘሁበት

ሰሜን ምሥራቁን ኢሳን ይሉታል። ኡዶን ታኒና ኮን ኬን ከትልልቆቹ ከተሞች ናቸው። ቱሪስት አይበዛም። የውጭ ሰው ካለ አብዛኛው የአገሩን ልጅ ያገባ ነው። እንግሊዝኛ ብዙ አይሠራም፤ ቋንቋቸውም ለላኦ የቀረበ ነው። ኪራዩ ግን ከሁሉም ያንሳል፤ 4,000 ባት አካባቢ ንጹሕ ክፍል አለ።

ለምን ከምርጫው አስገባኋት? በእጅ ስለሚበላ። ኡዶን ገበያ ውስጥ አንዲት ሻጭ ዘንድ ተቀመጥኩ። እዚህ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ ታላቅን «ፒ»፣ ታናሽን «ኖንግ»፣ የእናት እኩያን «ፓ» ይላሉ፤ እንደኛ ጋሼና እትዬ። ፓ በቀርከሃ ሰፌድ መሰል ዕቃ የሚጣበቅ ሩዝ አቀረቡልኝ። ሹካ ፈለጉልኝ። እኔ በቀኝ እጄ ቆንጥሬ፣ ጠቅለል አድርጌ፣ ሥጋውን በላዩ ይዤ ጎረስኩት። ፓ ሹካውን መልሰው አስቀመጡ። ጎረቤታቸውን ጠርተው «ይቺ የኛ ናት» ያሉ መሰለኝ። ቀጥሎ ያመጡት በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ነበር፤ ቃሪያ፣ ሚንትና የተቆላ የሩዝ ዱቄት ያለበት። ቅቤ የሌለው ክትፎ በሉት። ከጥሬ ሥጋ ጋር ያደገ ሰው ይገባዋል። ጥሬ የወንዝ ዓሣ ግን አትንኩ፤ የጉበት ትል ያመጣል፣ ትሉም በዚህ አካባቢ በሐሞት ቧንቧ ካንሰር ብዙ ሰው የጨረሰ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ያነዳል። የሸንኮራ ቃጠሎም አለ። ያለ ሞተር ደግሞ ከባድ ነው።

ፉኬትና ሳሙይ

ለሽርሽር እንጂ ለመክረም አይሆኑም። ፉኬት ላይ ታክሲው ውድ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የምዕራቡ ባሕር ይናወጣል፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ። ሳሙይ ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ባሕር ከፈለጋችሁ ሳሙይ፣ ጥር ላይ ከሆነ ፉኬት።

ጾምና ድስት

የትኛውም ከተማ ብትሄዱ ጾመኛ ከሆናችሁ አንድ ቃል ያዙ፦ «ጄ»። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ተጽፎ የምታዩት ቤት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣም የለበትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አያስገቡም፤ ስለዚህ ከኛ ጾም ይጠብቃል። «ማንግሳዊራት» ካሉ ግን እንቁላልና ወተት ሊኖር ይችላል። ተራ ምግብ ቤት «ሥጋ የሌለበት» ብትሉ የዓሣ ሶሱ አይቀርም። በዚህ ረገድ ባንኮክና ቺያንግ ማይ ይመቻሉ፤ ኢሳን ያስቸግራል።

ራሳችሁ ለማብሰል ከሆነ ክፍሉ ማብሰያ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ። ብዙው ክፍል ማንቆርቆሪያና ማይክሮዌቭ ብቻ ነው ያለው፤ አገሬው ከውጭ ነው የሚበላው፤ ሩዝ ከነወጡ 50 ወይም 60 ባት ከሆነ ማን ይደክማል? በረንዳ ላይ ምድጃ ያለበትን ፈልጉ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። ጥሩ ዜናው ትንንሹ ቀይ ሽንኩርት በየገበያው አለ፤ እንደ አበሻ ሽንኩርት ነው። ክራፓው የሚሉት ቅጠል ሽታው በሶብላን ያስታውሳል። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት ያዙ።

ወረቀቱ

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘና የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአንድ በር አይገቡም። የቪዛው ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ትኬት ሳትቆርጡ የታይላንድ ኤምባሲን ጠይቁ። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ይጠይቃሉ። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሁሉም የውጭ አገር መንገደኛ የመግቢያ ፎርሙን ከመድረሱ በፊት በኢንተርኔት ይሞላል፤ ነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ ውጡ። ከውጭ አሠሪ ጋር በኢንተርኔት ለምትሠሩ በ2024 የወጣ አምስት ዓመት የሚያገለግል ቪዛ አለ፤ ባንክ ውስጥ 500,000 ባት ማሳየትን ይጠይቃል። አከራያችሁ ደግሞ በገባችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። አላውቅም የሚል አከራይ ከሆነ ሌላ ቤት እዩ፤ በኋላ ወረቀት ስትፈልጉ የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ስልኩን ላነሳ ሰው የምለው ይሄ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነና ሞተር ከነዳችሁ ቺያንግ ማይ። ካልነዳችሁም ቺያንግ ማይ፣ ግን አሮጌው ከተማ ወይም ሳንቲታም ብቻ። ከየካቲት ጀምሮ ወደ ደቡብ ውረዱ። በዝናቡ ወራት፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ ባንኮክ ጎርፍ ቢኖርም ባቡሩ ከላይ ነውና ትኖሩበታላችሁ። ብቻችሁን ሆናችሁ ቋንቋ መማር ከፈለጋችሁ ኢሳን። የትም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሆቴል ያዙ፤ ክፍሉን አንዴ በቀን፣ አንዴ በማታ እዩት፤ ያለፈውን ወር የመብራት ቢል አሳዩኝ በሉ።

የአክስቴ ልጅ በመጋቢት አክስቴን ለጉልበቷ ሕክምና ይዛ ትመጣለች። ቺያንግ ማይ አምሯት ነበር፤ ፎቶ አይታ። ሦስት ሳምንት ባንኮክ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሁዋ ሂን አልኳት። ትናንት ደወለች። ስለ ሐኪሙ አልጠየቀችኝም፣ ስለ ባሕሩም አልጠየቀችኝም። «እማዬ የክፍሉ መብራት ምጣድ ይችላል ወይ ትላለች» አለችኝ። ባለቤቱን ጠየቅኩ። ምጣድ አይችልም። ድስት ግን ይችላል።